ጎጇችን ሐሙሲት ሳትደርስ ቆመች

ሐሙስ፣ ኅዳር 4 ቀን 2012 – ደብረ ማርቆስ

ከአዲስ አበባ የወጣነው ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ነው። ሦስት ነን፤ እኔ፣ አባዬና ልጄ ማሙሽ። ማሙሽ አምስት ዓመቱ ነው። ገና ኬጂ ስለሆነ ለሳምንት አስፈቅጄዋለሁ። አራተኛዋ ጎጆ ናት። ጎጆ ድሮ በአገር አቋራጭ ሰው ትጭን የነበረች አሮጌ አባዱላ ናት። ወንበሮቿን አስወጥተን አልጋ፣ ትንሽ የጋዝ ምድጃ፣ የውኃ ማጠራቀሚያና ቁም ሳጥን አስገባንባት። ስሙን ያወጣላት ማሙሽ ነው። ሐሳባችን ባሕር ዳር አንድ ሌሊት አድረን፣ በጎንደር አድርገን ጎርጎራ መውረድና ጣናን ከሰሜን በኩል ማየት ነው።

አባዬ ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ፊያት 682 ከነተሳቢው ይዞ አሰብ ሲመላለስ ኖሯል። አሁን ዓይኑ ስለደከመ መሪውን የያዝኩት እኔ ነኝ። እሱ ጋቢና ተቀምጦ ጆሮውን ለሞተሩ ይሰጣል። የአባይን በረሃ ስንወርድ "በምትወጪበት ማርሽ ውረጂ" አለኝ። እኔም ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ ፍሬን ላይ ሳልተኛ በማርሽ ወረድኩ። ወደ ደጀን ስንወጣ የሙቀት መርፌው ከመሐል ትንሽ አለፈ። "ዳገት ነው" አልኩ። አባዬ ዝም አለ።

ማታ ስንቆም ከሞተሩ ሥር መዳፍ የምታህል እርጥብ ቦታ አየሁ። ግማሽ ሊትር ውኃ ጨመርኩና ተኛሁ። እንዳይጨነቅ ብዬ ለአባዬ አልነገርኩትም።

ዓርብ፣ ኅዳር 5 – ባሕር ዳር

265 ኪሎ ሜትር። ደምበጫ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ ኮሶበር፣ ዳንግላ፣ መራዊ። ጤፉ ቢጫ ሆኗል። አንዳንድ ቦታ ታጭዶ ተከምሯል። መርፌው ቀኑን ሙሉ አደብ ገዝቶ ዋለ፤ እኔም እርጥቧን ቦታ ረሳኋት። 10 ሰዓት ላይ ባሕር ዳር ገባን። ሐይቁ ዳር ያለ አንድ ሆቴል ግቢ ውስጥ ለማቆሚያ ከፍለን አደርን።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6 – ከዘንዘልማ ወዲያ

ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የአባይን ድልድይ ተሻግረን የጎንደርን መንገድ ያዝን። ዘንዘልማን አለፍን። ከድልድዩ 19 ኪሎ ሜትር እንደሄድን የባትሪዋ ቀይ መብራት ቦግ አለች።

"ባትሪው ምን ሆነ?" አልኩ።

አባዬ አልመለሰልኝም። እጁን ከተቀመጠበት ወንበር ሥር ሰደደ። የአባዱላ ሞተር ያለው እዚያው ወንበሩ ሥር ነው። እጁን ሲያወጣ ፊቱ ተለዋውጧል።

"አቁሚ። ዳር ይዘሽ አሁኑኑ አቁሚ።"

መርፌውን አየሁት። ቀዩን ሊነካ የቀረው የጥፍር ያህል ነው። "ሐሙሲት እኮ ቅርብ ናት፤ ቀስ ብዬ..." ብዬ ጀመርኩ። አልጨረስኩትም። ፍሬኑን ስረግጠው እንደ ድንጋይ ጠጠረብኝ። ባለ በሌለ ኃይሌ ረግጬ ነው ያቆምኳት። ሞተሩን አጠፋሁ። ከወንበሩ ሥር ውኃ ሲንተከተክ ይሰማል።

ነገሩን አባዬ ኋላ አስረዳኝ። በዚህ ሞተር ላይ የውኃ ፓምፑን፣ ማራገቢያውንና ባትሪውን የሚሞላውን ዲናሞ የምታዞረው ቺንጋዋ፣ ማለትም የጎማ ቀበቶዋ ናት። ለፍሬኑ ጉልበት የሚሰጠው የቫኪዩም ፓምፕም ከዲናሞው ጀርባ ነው የተገጠመው። ቺንጋዋ ስትሄድ ሁሉም አብሮ ይሄዳል። ቻርጅ ይቋረጣል፣ ውኃው መዞር ያቆማል፣ ማራገቢያው ይቆማል፣ ፍሬኑ ይደርቃል። ቀይዋ መብራት የምትጮኸው ስለ ባትሪው አልነበረም። እንዲህ ዓይነት መኪና የሚነዳ ሁሉ ይህን ቢያውቅልኝ ደስ ይለኛል። እየሄዳችሁ የባትሪ መብራት ከበራ መጀመሪያ የሙቀት መርፌውን እዩ።

አባዬ ማሙሽን ከመንገዱ አርቆ አንድ ግራር ሥር አስቀመጠው። እኔ ባለ ሦስት ማዕዘኑን ምልክት ወደ ኋላ ርቄ ተከልኩ። ቅጠልም ቆርጠን በፊትም በኋላም አኖርን። ድንጋይ ላንሳ ስል አባዬ ከለከለኝ። "ድንጋይ አታስቀምጪ። ሲሄዱ የሚያነሳው የለም። በዚህ ሳቢያ በሌሊት የስንቱ ሕይወት አልፏል" አለኝ። እኔም መንገዳችን ላይ ስንት ቦታ እንዲህ የተተወ ድንጋይ አይቻለሁ። መኪናው ተጠግኖ ይሄዳል፤ ድንጋዩ አስፋልቱ መሐል ይቀራል። ለቀጣዩ ሰው ማሰብ እዚያ ላይ ለምን እንደሚጠፋን አይገባኝም።

ልጆች ተሰበሰቡ። አንዱ ቢጫ ጀሪካን ሙሉ ውኃ ተሸክሞ መጣ። ሞተሩ ላይ ሊያፈሰው ሲል አባዬ ጮኸ። "ተው ልጄ! ይሰነጠቃል!" የጋለ ሞተር ቀዝቃዛ ውኃ ሲያገኘው ቴስታታው፣ ማለትም የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ ይሰነጠቃል ወይም ይጣመማል። የራዲያተሩን ክዳንም አላስከፈተኝም። የታፈነው እንፋሎት ፊት ይልጣል። "አንድ ሰዓት እንቀመጣለን" አለ። ተቀመጥን።

በዚያ አንድ ሰዓት ከመንገዱ በላይ ካለው ቤት አንዲት እናት መጡ። ዛሬ ቁስቋም ነው፤ የጽጌ ጾም ትናንት አብቅቷል። "መንገደኛ እንዴት ፀሐይ ላይ ይቀመጣል" ብለው ዳቦና ጠላ አቀረቡልን። ለማሙሽ እርጎ አመጡለት። ጀሪካኑም የእሳቸው ነው። አባዬን "አባት፣ ይጠጡ እንጂ" እያሉ ሦስት ጊዜ ቀዱለት።

ሞተሩ ሲበርድ ወንበሩን አነሳነው። ቺንጋዋ ተበጣጥሳ ተንጠልጥላለች። አባዬ የውኃ ፓምፑን አፍንጫ በሁለት ጣቱ ይዞ ነቀነቀው። ወዲያና ወዲህ ተወዛወዘ። መወዛወዝ አልነበረበትም። "ኩሽኔታው ሄዷል" አለ፤ ዘንጉ የሚሽከረከርበት ብረት ማለቱ ነው። ከፓምፑ ሥር ባለችው ትንሽ ቀዳዳ ዙሪያ ነጭ የደረቀ ጨው መሳይ ነገር አለ። ውኃ ከሰነበተ ጊዜ ጀምሮ ሲያንጠባጥብ ኖሯል ማለት ነው። ያኔ ስለ ደብረ ማርቆሷ እርጥብ ቦታ ነገርኩት። አልተቆጣኝም። "እንዲህ ያለውን ንገሪኝ" አለኝ ብቻ። ከቁጣው ይልቅ ይህ አመመኝ።

ከዚያ የዘይት መለኪያውን መዝዞ በነጭ ጨርቅ ጠረገው። እኔም አንገቴን አስግጌ አየሁ። ዘይቱ እንደ ማኪያቶ ነጣ ካለ ውኃ ገብቶበታል፤ በመጋጠሚያው መሐል ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ተቃጥሏል ማለት ነው። ዘይቱ ጥቁር ነው፤ ውኃ አልገባበትም። አባዬ ጨርቁን አጥፎ ኪሱ ከተተው። "ሞተርሽ ተርፏል" አለኝ።

ኢንሹራንሳችን ጋ ደወልኩ። ጎታች መኪና የምንልከው አዲስ አበባ ውስጥ ብቻ ነው አሉኝ። ውሉን ስፈርም አላነበብኩትም፤ ስመለስ ቁጭ ብዬ አነበዋለሁ። ባሕር ዳር ያለች ጓደኛዬ የአንድ ጋራዥ ስልክ ሰጠችኝ። መካኒኩ የጠየቀኝ የመጀመሪያ ጥያቄ "ከድልድዩ ስንተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ናችሁ?" የሚል ነው። ድልድዩን ስንሻገር የኪሎ ሜትር መቁጠሪያውን ዜሮ አድርጌው ስለነበር ነገርኩት። ሁለተኛው ጥያቄ "ቺንጋው ነው ፓምፑ?" የሚል ነበር። "ፓምፑ ከሆነ እዚያ አይሠራም፤ አስጎትቱና አምጡልኝ። እስክትደርሱ በሩን አልዘጋም" አለኝ። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ያውም በበዓል፣ ይህን ማለቱን አልረሳውም።

ብዙ መኪና አለፈ። ሦስት ቆሙ። ሦስተኛው ባዶውን ወደ ባሕር ዳር የሚመለስ አይሱዙ ነው። ሹፌሩ ወጣት ነው። አባዬ አጎንብሶ ሲያሳየው እጁን አይቶ "ጋሼ፣ ሹፌር ነበሩ እንዴ?" አለው። አሰብ የምትለዋ ቃል ስትነሳ ልጁ የመጎተቻ ካቦውን መፈለግ ጀመረ። አባቱ የዚያው መንገድ ሰው ነበሩ።

ስለ መጎተት አባዬ የነገረኝን እዚህ ልጻፈው። ቁልፉ ክፍት ይሁን፤ አለበለዚያ መሪው ይቆለፋል። ማርሹ ባዶ ላይ ይሁን። ሞተር ስለጠፋ ፍሬንም መሪም እንደሚከብድ እወቂ፤ ቀድመሽ ርገጪ። ካቦው እንዳይረግብ ፊተኛው ሲቀንስ አንቺ ያዥ። አንድ ጥሩምባ ቀንስ ነው፤ ሁለት ቁም። በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ አይኬድም።

እሱና ማሙሽ አይሱዙው ውስጥ ገቡ። ጎጆ ውስጥ ብቻዬን ቀረሁ። ስልኬን ድምፁን ከፍ አድርጌ ከመሪው አጠገብ አስቀመጥኩት። በዚያ መንገድ ሁሉ የአባዬ ድምፅ አልተለየኝም። "ኩርባ መጣ... ቁልቁለት ናት፤ ያዥ... ያዥ... ጎሽ ልጄ... ከብት ቆሟል፤ ሊቀንስ ነው።" የማየው የአይሱዙውን ጀርባና የምትወጠር የምትረግብ ካቦ ብቻ ነበር። እጄ ላብ በላብ ሆነ። አንድ ሰዓት ፈጀብን።

ጋራዡ ያለው አባይ ማዶ ስለሆነ ድልድዩን መሻገር አላስፈለገንም። መካኒኩ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀናል። ለአይሱዙው ሹፌር ገንዘብ ዘረጋሁ፤ አልተቀበለኝም። አባዬ "እሺ፣ ናፍጣ ልሙላልህ" ቢለውም አሻፈረኝ አለ። በመጨረሻ የተቀበለው ከጎጆ ጓዳ ያወጣሁትን አንድ ኪሎ ቡና ነው፤ "ለእናቴ" ብሎ።

እሑድ፣ ኅዳር 7 – ጊዮርጊስ

ሌላ መኪና ሲበላሽብህ ሆቴል ትገባለህ። የእኛ መኪና ቤታችንም ናት። መካኒኩ "ግቢው ይዘጋል፣ ዘበኛ አለ፣ እዚሁ እደሩ" አለን። ጋራዥ ውስጥ፣ የጎማ ክምርና የተፈታ ካምቢዮ አጠገብ አደርን። ዘበኛው ጋቢያቸውን ተከናንበው እሳት ዳር ተቀምጠው ነበር። አባዬ እስከ እኩለ ሌሊት አብሯቸው አመሸ።

ዛሬ ሱቁ ሁሉ ዝግ ነው፤ የጊዮርጊስ ቅዳሴ ቤትም ነው። ሐይቁ ዳር ያለው ቅዱስ ጊዮርጊስ ሄድን። ከዚያ ጀልባዎቹ ወደሚቆሙበት ወረድን። ማሙሽ በደንገል የተሠራች ታንኳ ስትሄድ አይቶ "ሣር ላይ ተቀምጦ ይሄዳል!" ብሎ ጮኸ።

አንድ የሞተር ጀልባ ነጂ ችግራችንን ስነግረው ሳቀና ወደ ሞተሩ ጠራኝ። "ይሄም ውኃ ፓምፕ አለው" አለኝ። የጀልባው ሞተር የሚቀዘቅዘው ከሐይቁ በሚስበው ውኃ ነው። ሲሠራ ከጎኑ ቀጭን የውኃ ክር ይተፋል። ነጂው እየሄደ በየመሐሉ ዞር ብሎ የሚያየው ያቺን ክር ነው። ከቀጠነች ወይም ከጠፋች ወዲያው ያጠፋዋል። እምቦጭ ባለበት በኩል ሲሄድ ሥሩ መሳቢያውን ይደፍንበታል። "ያኔ እጄን አስገብቼ እነቅላለሁ፤ ሳልነቅል ብነዳ ሞተሬ ግሎ ይነክሳል" አለኝ። አባዬ ይህን ሰው ሊለየው አልቻለም። ከመንገደኛው ጋር እስኪሄድ ድረስ ሁለቱ ስለ ውኃ ብቻ ሲያወሩ ቆዩ።

ሰኞ፣ ኅዳር 8

መካኒኩ ፓምፑን አወጣው። ለዚህ የአባዬ ወንበር፣ ምንጣፉና የጓዳው ጥግ አብረው ተነሡ። ድስቶቼ ግቢው ውስጥ ባለ ሰሌን ላይ ተደረደሩ።

አንድ ሱቅ "ልክ እሱ ነው" ብሎ ፓምፕ ሸጠልን። ስናስተያየው የብሎን ቀዳዳዎቹ ይገጥማሉ፤ ዘንጉ ግን በጣት ስፋት ያጥራል። ቢገጠም ማራገቢያው ቦታውን አይዝም፣ ቺንጋዋም ጠማማ ትሮጣለች። ሁለት ጊዜ ተከራክረን ነው ገንዘባችንን የመለሱልን።

ከዚያ በኋላ በደንብ አሰብንበት። የድሮውን ፓምፕ ከፊት፣ ከጎንና ከኋላ ማስመሪያ አጠገቡ አድርጌ ፎቶ አነሳሁት። የሞተሩን ቁጥር ጨመርኩና አዲስ አበባ ላለው ወንድሜ ላክሁለት። ከሰዓት በኋላ ሶማሌ ተራ ገብቶ አገኘው። ከነጓርኒሲዮኑና ከአዲስ ቺንጋ ጋር 2,900 ብር።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ወንድሜ ዕቃውን ሌሊት ለሚነሳ አውቶቡስ ረዳት ሰጠው። የአውቶቡሱን ታርጋና የረዳቱን ስልክ ላከልኝ። ቀኑን ሙሉ ጠበቅን። ማታ 11 ሰዓት ላይ መናኸሪያ ሄጄ በጋዜጣ የተጠቀለለውን ዕቃ እንደ ሕፃን አቅፌ ተመለስኩ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

መካኒኩ ቴርሞስታቱን አውጥቶ ወደ ጎን አስቀመጠው። "ይሄ አያስፈልግም፤ ሁሉም ያወጡታል" አለ። አባዬ ከተቀመጠበት ተነሣ።

"አይ ልጄ። እሱን የሠራው ሰው በከንቱ አልሠራውም። ሞተሩ ቶሎ እንዲሞቅና ሙቀቱን እንዲጠብቅ ነው።"

"ጋሼ፣ ተዘግቶ ነክሶ ከቀረ ሞተሩን ያቃጥልባችኋላ።"

"እንግዲያው እንፈትነው።"

ድስቴን አመጣሁ። የጎጆን ምድጃ ግቢው ውስጥ ለኮስኩት። ቴርሞስታቱን በክር አንጠልጥለን ውኃው ውስጥ ከተትነው። ጠርዙ ላይ 82 የሚል ቁጥር ተቀርጾበታል፤ የሚከፈትበት ዲግሪ ነው። አባዬ፣ መካኒኩ፣ ሁለት ረዳቶቹ፣ ዘበኛውና ማሙሽ ድስቱን ከበቡት። መጀመሪያ ምንም የለም። የውኃው ሥር ጥቃቅን አረፋ ያዘ። ከዚያ መሐሉ ላይ ያለችው ክብ ናስ ቀስ እያለች ተነሣች። ፀጉር የምታህል ክፍተት ታየች፤ ሰፋች። ውኃው ገና አልፈላም። ማሙሽ "ዓይኑን ገለጠ!" አለ። መካኒኩ በጉጠት አውጥቶ ያዘው። ሲበርድ መልሶ ተከደነ። ምንም ሳይናገር ጓርኒሲዮኑን ለወጠለትና መልሶ ገጠመው።

የራዲያተሩን ክዳንም አሳየኝ። የውስጥ ጎማው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃ እዚህ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ውኃው ሳይፈላ ከዚያ በላይ እንዲሞቅ የሚያስችለው ክዳኑ አፍኖ የሚይዘው ግፊት ነው። ክዳኑ ካልያዘ ዳገት ላይ ቶሎ ይንተከተካል። የደጀኑ መርፌ አሁን ገባኝ። ክዳኑ የተገዛው በጥቂት ብር ነው።

ጾም ስለሆነ ሽሮ ሠርቼ ሁሉም በአንድ ትሪ በላ። 9 ሰዓት ላይ ሞተሩ ተነሣ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

እስከ ዘንዘልማ ሄደን ተመለስን። ሁለት ጊዜ። በየመልሱ መካኒኩ የእጅ ባትሪ እያበራ የፓምፑን ሥር አየ። ደረቅ ነው። የእጁን ዋጋ 800 ብር ጠየቀ፤ ለአምስቱ ሌሊት ማደሪያ ግን አንድም ሳንቲም አልወስድም አለ። አባዬ ከዕቃ ሳጥኑ አንዲት የጣሊያን ካቻቢቴ አውጥቶ ሰጠው። ከአሰብ ዘመን ጀምሮ አብራው የነበረች ናት፤ እጀታዋ በእጁ ልክ ተበልቷል። መካኒኩ በሁለት እጁ ተቀበላት።

ዓርብ፣ ኅዳር 12 – ሚካኤል

ከተማው በጭስ ተሸፍኗል። ኅዳር ሲታጠን ነው። በየደጁ ቆሻሻ ተጠርጎ ይቃጠላል። አባዬ በ1911 ዓ.ም. ስለወረደው የኅዳር በሽታ አያቱ የነገሩትን እያወራ ከጋራዡ ወጥተን የጎንደርን መንገድ ያዝን። ማሙሽ አፍንጫውን ይዟል።

ከድልድዩ 19 ኪሎ ሜትር ላይ ስንደርስ ቆምን። የቆረጥነው ቅጠል ደርቆ ዳር ላይ አለ። ያቺ እናት ከአውድማው ሆነው አዩንና እጃቸውን እየጠረጉ ወረዱ። ቅዳሜ ዕለት ግርግሩ ውስጥ ጀሪካናቸው ከእኛ ጋር ሄዶ ነበር። ስኳር፣ ሳሙናና ቡና ጨምሬ መለስኩላቸው። "ዳነች?" አሉኝ ጎጆን እያዩ። "ድናለች እማማ" አልኳቸው። ሳንቀምስ እንዳንሄድ ለመኑን፤ ዛሬ ዓርብ ስለሆነ ሽምብራ ቆሉልን።

አሁን ወረታን አልፈናል። ማሙሽ ሲተኛ ስለቆምን ይህን የምጽፈው መንገድ ዳር ሆኜ ነው። በፎገራ ሜዳ ሩዝ እያጨዱ ነው። መርፌው ከመሐል ዝቅ ብሎ ተቀምጧል። አባዬ ግን አሁንም በየመሐሉ እጁን ከወንበሩ ሥር ይሰዳል፤ አውጥቶም መዳፉን ያሳየኛል።